በዓሣዋ ዓይን ላይ ስለታሰረው የምስጋና ሰሌዳ

ለተከበሩ የሕዝብ ግድግዳዎች ውበትና አክብሮት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቶሮንቶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ በተለይ ዓይንዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። በአማርኛ የምጽፍልዎ በሰሌዳዎ ግርጌ «አስተያየትዎን በሚመችዎ ቋንቋ ይላኩልን» የሚል ቃል ስላነበብኩ ነው። በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴ ደግሞ በእንግሊዝኛ በጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ያልተግባባን መሆናችንን በማሰብ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በሴንት ጄምስ ታውን ከምንኖርበት ሕንጻ ጀርባ አንድ የውሃ ፓምፕ ቤት አለ። ባለፈው ሐምሌ ወይዘሮ ዶሪን የተባሉ፣ በዕድሜ እኔንም የሚበልጡ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ከአኒሺናቤ ወገን የሆኑ ሠዓሊ በጽሕፈት ቤትዎ ጋባዥነት መጥተው፣ ስተርጅን የምትባለውን ትልቅ የሐይቅ ዓሣ በግድግዳው ላይ ሳሉልን። ድሮ በዚህ ሥፍራ ወንዝ ይወርድ እንደነበር፣ ዛሬም በቧንቧ ታፍኖ ከእግራችን በታች እንደሚሄድ የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ዓሣዋ መጀመሪያ የተሳለችው በጎን ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ የኔነሽ ይህን አይተው እንቅልፍ አጡ። በቤተ ክርስቲያናችን አሣሣል ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣንና ግብረ አበሮቹ ናቸው። «መምህር፣ እባክዎ ይጠይቁልኝ፤ ይቺ ዓሣ ማንን በደለች?» አሉኝና አስተረጎምኩላቸው። ወይዘሮ ዶሪን የቀለም ባልዲያቸው ላይ ተቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁና «ዓሣ እኮ ናት፤ ጻድቅ ናት መቼ አልኩ?» አሉ። በማግስቱ ግን የዓሣዋን ራስ ወደ መንገዱ አዙረው ሁለት ዓይን ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ የኔነሽ ጠዋት ወደ አውቶቡስ ሲሄዱ «እንዴት አደርሽ?» ሳይሏት አያልፉም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ የነባር ሕዝቦችን ምድርና ጥበብ እንደሚያከብሩ የሚገልጽ የብረት ሰሌዳ ባለፈው ወር ስላስተከሉልን አመሰግናለሁ። ቃሉ ያማረ ነው፤ በመምህር ዓይን ደጋግሜ ባነበውም አንድ ስሕተት አላገኘሁበትም። ስሕተቱ ያለው በተተከለበት ቦታ ብቻ ነው። ሰሌዳው የታሰረው በዓሣዋ ግራ ዓይን ላይ ስለሆነ፣ መንገደኛው ለሥዕሉ የተሰጠውን ክብር በሚገባ ያነባል፤ ሥዕሉን ማየት ግን ይቸግረዋል።

ሁለተኛ፦ ሰሌዳው ይነሳልን ብዬ ስጽፍ፣ የነባር ሕዝቦችን መታሰቢያ ማንሳት ለነባር ሕዝቦች ንቀት ስለሚሆን እንደማይቻል በትሕትና ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ሠዓሊዋን ጠይቀው እንደሆነ ደግሜ ስጽፍም፣ ምክክር የሚደረገው ሰሌዳ ከመተከሉ በፊት እንጂ ከተተከለ በኋላ እንዳልሆነ መልሰውልኛል። ከመተከሉ በፊት ተደርጎ እንደነበር ግን ሳይነግሩኝ ቀሩ።

ሦስተኛ፦ በስተግራ ያለው ባዶ ግድግዳ ለሰሌዳው ይበቃል ብዬ ባመለክት፣ ባዶው ግድግዳ ለወደፊት ሥነ ጥበብ የተጠበቀ መሆኑን አሳውቀውኛል። ገና ላልተሳለው ሥዕል የሚያሳዩት ጥንቃቄ የተሳለውን የሚያስቀና ነው።

አራተኛ፦ ስለ ቡሎኖቹ። ፊዚክስ አስተማሪ ስለነበርኩ በዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። ቡሎኖቹ በገቡበት ዙሪያ ልስኑ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁም ዝናብ ይገባል። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል። ይህንን ተማሪዎቼ ያውቁት ነበር፤ ያላወቁትም ክፍል ይደግሙ ነበር። ብርዱ ሲጠና የዓሣዋ ፊት ከነልስኑ ይረግፋል፤ ሰሌዳው ግን ጡቡን ይዞ ስለተመታ በክብር ይቆያል።

የፎቃችን ልጅ ይዲድያ ይህን ሰምቶ «ጋሼ አምሃ፣ ለዚህ ምን ፐርሚሽን ያስፈልጋል? ድሪሌ መኪና ውስጥ ነው፤ እሑድ ከቸርች መልስ ሪሙቭ ላድርገውና ይገላገሉ» አለኝ። የከለከልኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ያነሳዋል ባልኳቸው ቁጥር ጎረቤቶቼ እንዴት እንደሚያዩኝ ቢመለከቱ ኖሮ ያዝኑልኝ ነበር።

ለሰሌዳው ምረቃ የጋበዟቸው ወይዘሮ ዶሪን ባለፈው ሳምንት ሥራቸውን ሊያዩ ቀደም ብለው መጡ። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ የኔነሽ ዞረው «አሁንስ በእናንተ ዘንድ ይቺ ምን ሆነች?» ሲሉ ጠየቁ። ወይዘሮ የኔነሽ ለመናገር አፍረው አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሠዓሊዋም ገባቸው። «እንዲህ ሆና አትከርምም። እስከ ምረቃው ካልተነሳ ነጭ ቀለም ይዤ መጥቼ እኔው አጠፋታለሁ» አሉ። በዚህኛው ቀን አልሳቁም፤ ባልዲውም ላይ አልተቀመጡም።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ብቻ ናት፦ ከምረቃው ቀን በፊት ሰሌዳውን ወደ ባዶው ግድግዳ ያዛውሩልን። ይህ ካልሆነ፣ ክቡርነትዎ ሪባኑን በሚቆርጡበት ሰዓት፣ ሰሌዳው እጅግ የሚያመሰግነው ሥዕል በስፍራው አይገኝም። ያን ጊዜ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች ይኖሩዎታል፤ ሁለቱንም ለወደፊት ሥነ ጥበብ ሊጠብቋቸው ይችላሉ።

መልስዎን በትዕግሥት የምጠብቅ፣ ሰሌዳዎንም በየቀኑ ሳልወድ የማነብ፣ አክባሪዎ

አምሃ ተክለ ማርያም
ጡረታ የወጣ መምህር

ማስታወሻ፦ ዓሣዋ ከተረፈች በግድግዳው ጥግ ላይ የእርስዎም መልክ እንዲሳል ወይዘሮ የኔነሽ ሐሳብ አቅርበዋል፤ ወይዘሮ ዶሪንም ፈቃደኛ ናቸው። ፊት ለፊት ይሁን ወይስ በጎን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ወይዘሮ የኔነሽ «እሱን እንኳ ሰሌዳው መነሳት አለመነሳቱን ካየን በኋላ እንነግራቸዋለን» ብለዋል።