አሻራሽ ይበቃኛል

ለእህቴ ለሐመልማል፤ እንደ አትክልት ተራ ጎመን የለመለመ ሰላምታዬ ወለጋ ድረስ ይድረስሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ! የማታ አስተማሪያችን «ይገረም፣ ጽሕፈትህ ማተሚያ ቤት ያስንቃል» ብላኛለች። ስልክሽ ዝም ቢል ጊዜ ነው ፊደል የቆጠርኩት።

የባልሽ ወንድም ገለታ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ዛሬም ቁም ሳጥን እንሸከማለን። ተሸካሚው ሁሉ በየብሔሩ ሲቧደን «አንተስ ወደ ወገንህ አትመጣም?» አሉኝ። «ገለታ 'ጉድጓድ!' ሲል የሚሰማ እግር እንጂ ብሔር የሚጠይቅ እግር የለኝም» ብዬ አሳቅኳቸው።

ከሥራ ስንወጣ አውቶቡስ ተራ ቆመን ከእናንተ በኩል የሚመጣ መኪና እንጠብቃለን፤ ለሸክም ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ያለፈውን ደብዳቤዬን የሰጠሁት ሾፌር ትናንት «መንገዱ ተዘግቷል» ብሎ መለሰልኝ። ገለታ እራቱን አልነካም።

ልጅሽን ኪያን ሳሚልኝ። መጻፍ ባይመችሽ ጣትሽን ቀለም ነክረሽ ወረቀት ላይ አሳርፊልኝ። ማንበብ ብችልም እሱ ይበቃኛል።

ሰላምሽን የሚናፍቅ ወንድምሽ፣ ይገረም