በሰፌድህ ላይ የቀረበው ክስ

ሐሙስ፣ የጁላይ አጋማሽ፣ ጆሃንስበርግ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። ዛሬ ሱቁ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፦ ባለቤቱ ኡም ዲርክ («ኡም» እዚህ አጎቴ እንደማለት ነው)፣ የአስመጪው ወኪል፣ የአጎትህ ልጅ ሸምሱ እና እኔ።

የነጃት አባት፣ ከድሬ፣

አላህ ይዘንልህ። ከተለየኸኝ ይህ ሁለተኛው ብርድ ነው። ቤታችን ደህና ነው። ነጃት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ አማርኛዋ ሳስቶ እንግሊዝኛዋ ወፍሯል። ስትቆጣኝ፣ «ማማ፣ ሪላክስ፣ ሁሉም ሰው ሌባ አይደለም» ትለኛለች። የፍላታችን አዲሱ ዘበኛ በየጠዋቱ እየሳቀ በዙሉኛ «ሳዎቦና ማማ» ብሎ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው እያልኩ ደረጃውን እወርዳለሁ። አመሌን ታውቀዋለህ። «አንቺማ የገዛ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አንተ ሁሉን ታምን ነበር፤ የመጠርጠሩን ሥራ ለእኔ ትተህልኝ ነበር።

ከሞትክ በኋላ ኡም ዲርክ አንተ ትሠራበት ከነበረው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠኝ። ሥራው ያው ነው። ገበሬዎቹና ኢላማ ተኳሾቹ ጥይታቸውን በየቤታቸው ራሳቸው ስለሚሞሉ ባዶውን ቀለሃ፣ ባሩዱንና እርሳሱን ከእኛ ይገዛሉ። እኔ ቀለሃው ሳይሸጥ እመረምራለሁ። የምመረምረውም በሰፌድህ ነው።

ሰፌዱን ከጀፕ የሐበሻ ሱቆች ገዝተህ ያመጣህበትን ቀን እንደ ዛሬ አስታውሳለሁ። ኡም ዲርክ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ «ከድር፣ ዛሬ ደግሞ ምሳ ልታበስልልን ነው?» አለህ። አንተ አንድ ከረጢት አዲስ ቀለሃ ሰፌዱ ላይ ዘርግፈህ፣ ምስር ከጠጠር እንደሚለቀም በቀስታ እያንገዋለልክ፣ ዓይንህን ጨፍነህ አዳመጥክ። የነሐሱ ድምፅ ጥርት ብሎ ሲንሿሿ ቆይቶ መሀል ላይ አንድ የደነዘዘ ድምፅ ተሰማ። እጅህን ሰደህ አንዷን አነሳህ፤ አንገቷ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። ወራቤ ገበያ ላይ ሸክላ ሳያንኳኳ የሚገዛ የለም፤ አንተ ያንኑ ነሐስ ላይ አዋልከው። ከዚያን ቀን ወዲህ ኡም ዲርክ በሰፌዱ ስቆ አያውቅም።

እስከዚህ ወር ድረስ ማለቴ ነው።

በወሩ መጀመሪያ አዲስ ዕቃ ገባ። የመጀመሪያውን ከረጢት ማንገዋለል ስጀምር ጆሮዬን ማመን አቃተኝ፤ የደነዘዘው ድምፅ ከጥርቱ ይበልጥ ነበር። መብራት ሥር እያዞርኩ ባየሁት ጊዜ ብዙዎቹ አንገታቸው ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለ ቀለሃ ተሞልቶ ሲተኮስ ምን እንደሚያመጣ የነገርከኝ አንተ ነህ። ጠመንጃው ያለው ከሰው ጉንጭ ሥር ነው፤ እሳቱ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ዓይን ከዞረ በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ለኡም ዲርክ ነገርኩት። እሱም ለአስመጪው ደወለ። መልሱ በማግስቱ መጣ፦ «ዕቃው እንከን የለበትም። ሠራተኞቻችሁ በቅርጫት እያንገዋለሉ እርስ በርሱ ስለሚያጋጩት ነው የሚሰነጠቀው። ሟቹ ሰውዬም ይህንኑ ያደርግ ነበር አሉ።»

ከድሬ፣ ያን ቀን ኡም ዲርክ ሰፌዱን ያየበት ዓይን ሌላ ነበር። ወኪሉ መጥቶ እስኪያየው እንዳልነካው ነገረኝ። ነገሩ እውነት ከሆነ አንተ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ስታበላሽ ነበር ማለት ነው። እኔንም ከሰፌዱ ጋር ያሰናብቱኛል፤ ስምህ ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ «ዕቃ የሚሰነጥቀው ሰውዬ» እየተባለ ይቀራል።

እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። ወኪሉ ከደንበኛ ባንኮኒ አልፎ ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ስለ ሰፌዱ ማን ነገረው? ዕቃ ሊያመጣ ወደ መጋዘናቸው የሚነዳው ሸምሱ ነው። ሸምሱ ደግሞ በቅርቡ አዲስ ስልክ ይዟል። ፎርድስበርግ ምሳ ጋብዤው ከአፉ ቀድሜ ዓይኑን እያየሁ ጠየቅሁት። «ወላሂ የነጃት እናት፣ አድንቄ ነው ያወራሁት! በጆሮዋ ስንጥቅ ታያለች አልኳቸው፤ በቃ!» አለና ሳምቡሳውን ጎረሰ። ግማሹን አመንኩት። ግማሹን እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ዛሬ ወኪሉ መጣ፤ ከሱ በፊት ሽቶው ገባ። ገና ሳይቀመጥ «እስቲ ቅርጫቱን አሳዩኝ» ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳው። እኔ ቀደም ብዬ ኡም ዲርክን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመጨረሻውን ከረጢት ከነማሸጊያው እንዲያቆይልኝ። በዚያች በምታውቃት እንግሊዝኛዬ «ሰፌዱ መሬት ላይ ይቀመጥ። ከረጢቱን አንተው ክፈተው። ማንም አያንገዋልለውም» አልኩት።

በገዛ ቢላዋው ቀደደው። ኡም ዲርክ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈና ቀለሃዎቹን በጣቱ አንድ በአንድ እያነሳ በማጉያ መነጽሩ ያይ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ደህና ነበሩ። የወኪሉ ፊት መፍካት ጀመረ። ቀጥሎ አንዲት የተሰነጠቀች ወጣች፤ ወዲያው ሌላ ተከተለች።

ወኪሉ «በመንገድ ተንገላቶ ይሆናላ» አለ።

ይህን ጊዜ ሸምሱ ዘሎ ተነሳ። «መንገዱን የነዳሁት እኔ ነኝ! እንቁላል ጭኜ አንድ ሳይሰበር የማደርስ ሰው፣ ነሐስ ሰበርክ ልትለኝ ነው?» ኡም ዲርክ ሳቁ አመለጠው። መልሶ ግን መነጽሩን አስጠጋና የተሰነጠቀችውን ቀለሃ ወደ ብርሃን አዞራት። ስንጥቋ ውስጥ የፋብሪካው የማጽጃ ዱቄት ደርቆ ተጋግሯል። ቀለሃዋ የተሰነጠቀችው ከመታጠቧና ከመታሸጓ በፊት፣ እዚያው የተሠራችበት ቤት ነው። ኡም ዲርክ መነጽሩን አውልቆ ቀና አለና «ከድር ይቅር ይበለኝ» አለ። ይህን እንድትሰማ ነው መጻፍ የጀመርኩት።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ወኪሉ ወዲያው ፈገግ አለ። «ምንም ችግር የለም፣ ሁሉንም ነገ ረፋዱ ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ። ሲከራከር የመጣ ሰው እንዲህ ቶሎ ሲሸነፍ አይተህ ታውቃለህ? «ወስዳችሁ ምን ታደርጉታላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። ስልኩን እያየ «ወደ ፋብሪካው እንመልሰዋለን» አለኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ሸምሱ መጋዘናቸው ውስጥ ያየውን አጫወተኝ፦ የተቆለለ ባዶ አዲስ ከረጢትና አንድ ማሸጊያ ማሽን። ታሽጎ የመጣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ማሸጊያ ለምን ያስፈልገዋል? ሸምሱ ይህን የነገረኝ ራሱን ሊያነጻ ብሎም ይሆናል። ያም ሆኖ ያ ዕቃ ከረጢት ቀይሮ ሰፌድ ወደሌለበት ሱቅ ሲሄድ፣ ከዚያም አንድ ከማላውቀው ሰው ጉንጭ ሥር ሲደርስ ታየኝ። ኡም ዲርክ ዕቃው ከእጁ መውጣቱ በቅቶታል፤ «አሽገሽ አቆዪለት» ብሎኛል።

ከድሬ፣ ዱዓ ባደረግሁ ቁጥር ስምህን አስቀድማለሁ። ነጃት ልጆች ስትወልድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ አያት እንደነበራቸው እነግራቸዋለሁ። እኔ እስካለሁ አትረሳም።

ዓርብ። ሱብሂ ሰግጄ በመጀመሪያው ታክሲ ሄድኩ። ሱቁን በቁልፌ ከፈትኩና በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። ፒንሳ ከመሳቢያ አወጣሁ። የዚያን ጭነት ቀለሃ ሁሉ፣ ደህና የሚመስለውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ አንገቱን ጨፈለቅሁት፤ ከእንግዲህ ባሩድ የሚሞላበት የለም። ወደየከረጢቱ መለስኩ፣ ሳጥን ውስጥ ደረደርኩ፣ በፕላስተር አሸግሁ። ኡም ዲርክ ሲገባ እጄ ላይ የቀረውን የነሐስ ብናኝ አየ፤ ሳጥኑንም አየ፤ ኮቱን ሰቀለና ሻይ ጣደ። ወኪሉ ረፋዱ ላይ መጣ። ሳጥኑን ራሴ አቅፌ ወሰድኩለት፣ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ በሩንም ዘጋሁለት።