ጨው አለው? የወይዘሮ መስኡዳ ኑርዬ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ መስኡዳ ኑርዬ ከአባታቸው ከአቶ ኑርዬ ሀምዳን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዙለይሃ ይማም፣ በአምባሰል ወረዳ ከውጫሌ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር በኅዳር ወር 1959 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የጻፈ ሰው አልነበረም። እናታቸው “ማሽላ እየታጨደ ነው የወለድኳት” ይሉ ስለነበር ቤተሰቡ ወሩን በዚሁ ይዟል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በውጫሌ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ መቀጠል ቢፈልጉም የቤት ሥራ በረታባቸው። በ1977ቱ ድርቅ ሁለት ታናናሾቻቸውን በአንድ ወር ውስጥ አጡ። ስለዚያ ዓመት አያወሩም ነበር፤ እኛ ልጆቻቸውም አንጠይቅም። በቤታችን ግን በእህል የቀለደ ልጅ ሁለተኛ እንዳይቀልድ ሆኖ ነው የሚቀጣው።

በጥር ወር 1978 ዓ.ም. በሐይቅ ከተማ ዓሣ አስጋሪ ከነበሩት ከአቶ ሙዘይን ዑበይዱላህ ጋር ትዳር መሠረቱ። ኒካሑ በታሰረ በአራተኛው ወር ረመዷን ገባ። አዲሲቱ ሙሽራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአማቶቻቸው ማፍጠሪያ ሾርባ ሠሩ፤ ጾመኛ ስለሆኑ አልቀመሱትም፤ ጨውን ሁለት ጊዜ ጨመሩበት። አማታቸው ሸህ ዑበይዱላህ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሳህኑን ጨርሰው ጠጡና “አልሐምዱሊላህ” ብለው ተነሡ። ወይዘሮ መስኡዳ ስሕተቱን ያወቁት በኋላ የራሳቸውን ሲጠጡ ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው ያን ሾርባ ሲያነሡ ፊታቸው ይቀላ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረመዷን ቢሆን ባይሆን ድስት ላለመቅመስ ቆረጡ። “አሥራ አንድ ወር የቀመሰች በአሥራ ሁለተኛው ትሳሳታለች” የሚለው አባባላቸው ነው። ጨውን በመዳፋቸው ይመዝናሉ፣ ቁሌቱን በአፍንጫቸው ያውቃሉ፣ ሽሮ መብሰሉን ከድምፁ ይለያሉ። ማዕድ ሲቀርብ መጀመሪያ የጎረሰውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ “ጨው አለው?” ይላሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በቤታችን ያለዚህ ጥያቄ ማዕድ ቀርቦ አያውቅም። አንድም ቀን “የለውም” ያለ ሰው አላስታውስም።

በትዳራቸው ኢልሀምን በ1981፣ እኔን ሙንተሲርን በ1985፣ ሱንዱስን በ1992 ዓ.ም. ወለዱ። አቶ ሙዘይን የሚያወጡት ዓሣ አጥንት የሌለው ሥጋው ፊሌቶ ተብሎ ለሆቴል ይሄድና ራሱና አጥንቱ ለቤት ይመጣል። ወይዘሮ መስኡዳ ከዓሣ ራስ፣ ከሽምብራ ክክና ከጓሯቸው ቃሪያ የሚሠሩት ወጥ ስድስት ሰው አጥግቦ ለማግስቱ ፍትፍት ይተርፋል። አንድ ቀን በትምህርት ቤት ልጆች “የዓሣ ራስ” እያሉ ቢሰድቡኝ እያለቀስኩ ገባሁ። እናቴ ከማማሰያው ቀና ሳይሉ “ታዲያ ዓሣ የሚያስበው በጭራው ነው?” አሉኝ። ዕንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ።

አቶ ሙዘይን በ1999 ዓ.ም. ባደረባቸው ሕመም ወደ አኼራ ሄዱ። ወይዘሮ መስኡዳ ከዚያ በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የምስር ሳምቡሳ እየሸጡ ሦስት ልጆች አሳደጉ። ጤፍ ሲወደድ ከማሽላ ጋር ያደባልቁታል፤ ማሽላው ሲወደድ ሩዝ ይገባበታል። ድንች ከነልጣጩ፣ ዱባ ከነቅጠሉ ድስት ይገባል። የዒድ ሥጋ በመጀመሪያው ቀን ወጥ፣ በሁለተኛው ቀን ቅቅል፣ በሦስተኛው ቀን አጥንቱ ለጎመን ማጣፈጫ ነው። እኛ ድሆች መሆናችንን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። ይህንን የምንለው ለወግ አይደለም፤ እርግጥ ነው።

ኢልሀም በ2002 ዓ.ም. ወደ ጅዳ ለሥራ ሄደች። በኋላ እናታችን በስልክ በኢሞ የምስር ወጥ ያስተምሯት ጀመር። “ስንት ማንኪያ?” ብትላቸው “በዓይንሽ” ይሏታል። በ2010 ለውጥ መጣ ተብሎ ከተማው ሁሉ ሲደሰት እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር። ዓመት ቆይቶ ዘይት ሲንር ግን “ለውጡ ድስቴ ጋ ሲደርስ ንገሩኝ” አሉ፤ ይህ አባባል ሰፈሩን ሁሉ አዳርሷል።

በጥቅምት ወር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። እኔ በማስተምርበት በውጫሌ ነበርኩ፤ በእግሬ ሸሽቼ ስመጣ ሁለቱም እግሮቼ ቆስለው ስለነበር ከሐይቅ አልፌ ወደ ደሴ መሄድ አልቻልኩም። ጎረቤታችን አቶ ታረቀኝ ፈንታሁን ቤታቸው አስፋልቱ ዳር በመሆኑ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ይመኙሻልና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር እኛ ቤት ገቡ። ከእናቴና ከሱንዱስ ጋር ስምንት ሆንን። መብራት ጠፋ፣ ወፍጮ ቆመ፣ ገበያ ተዘጋ። በቤት ያለው ለሳምቡሳ የተገዛ ግማሽ ጆንያ ምስር፣ ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ማሽላና በጓሮው ያለው ዱባ ብቻ ነበር። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ወይዘሮ መስኡዳ በመጀመሪያው ቀን ምስሩን በእፍኝ ለክተው “አብሽሩ፤ በእኔ ቤት ሰው አይራብም” አሉ። ማሽላው ጠዋት ንፍሮ፣ ማታ በእጅ ወፍጮ ተፈጭቶ ቂጣ ሆነ። የዱባው ቅጠል ከነሐረጉ ተቀቀለ። በኅዳር አጋማሽ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ከማሰሮው ሥር የቀረችውን ቅቤ ማንም ሳይነግራቸው አንሥተው ሰቀሉ፤ እኛም ሳናውቀው ጿሚ ሆንን። በዚያ ሁሉ ቀን አንድ ድስት፣ አንድ ማዕድ ነበር።

እሳቸው ግን ከማዕዱ አይቀርቡም። ምድጃው ዳር ተቀምጠው “ጨው አለው?” ይሉናል። “አለው፤ ይምጡ እንጂ” ስንላቸው “እኔ ስቀምስ ጠግቤአለሁ፤ ብሉ” ይላሉ። ለእኔማ እግሬ እስኪሽር ብለው አንድ ጭልፋ ይጨምሩልኝ ነበር። እበላ ነበር። በኅዳር መጨረሻ መንገዱ ሲከፈት ከስምንታችን አንድ ሰው አልጎደለም። ወይዘሮ መስኡዳ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው ነበር፤ ሐሳብ ነው ያከሳቸው አልን።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በደሴ ሲታከሙ ቆይተው፣ ዓርብ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ወደ ፈጣሪያቸው ተመልሰዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት በሐይቅ ሙስሊም መካነ መቃብር አርፈዋል።

ይህን ጽሑፍ ለሦስተኛው ቀን ሰደቃ ያዘጋጀሁት ልጃቸው ሙንተሲር ነኝ። እዚህ ላይ ከደንቡ ወጥቼ አንድ ነገር እንድናገር ይፈቀድልኝ። ትናንት ከላይ ያለውን ጽፌ መልሼ ሳነበው ሁለት ቦታ ላይ ዓይኔ ቆመ። በአንደኛው እናቴ ከዚያ ሾርባ ወዲህ ድስት ቀምሰው እንደማያውቁ ጽፌአለሁ። በሁለተኛው ደግሞ ስቀምስ ጠግቤአለሁ ይሉን እንደነበር ጽፌአለሁ። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም በገዛ ጆሮዬ ሰምቼአቸዋለሁ። ጨው አለው ብለው የሚጠይቁን ስላልቀመሱ ነበር። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ አስተማሪ ተብዬ እጠራለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ወይዘሮ ይመኙሻል ሄድኩ። አነበብኩላቸው። እንዲህ አሉኝ፤ “እኔ አውቅ ነበር፣ ልጄ። እናንተ ስትነሡ እትዬ መስኡዳ ድስቱን በፍል ውኃ አለቅልቀው ይጠጡት ነበር። አንድ ቀን ደረስኩባቸው። ትንፍሽ እንዳትይ ብለው በግሸን ማርያም አስማሉኝ። የኔን ድርሻ እንኳ ባካፍላቸው እንቢ አሉኝ። መሐላ ሆኖብኝ ነው።” እናቴ በእኛ ሃይማኖት ቢያስምሏቸው እንደማይጸናባቸው ያውቁ ነበር።

በልማዳችን እንደሚደረገው፣ በእናታችን ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ ለቤተሰቡ ይንገር፣ አለዚያም አውፍ፣ ይቅር ይበላቸው። እኛ ግን የእሳቸው ሐቅ አለብን። በሕይወት ሳሉ አውፍ በሉን ማለት ይገባን ነበር፤ አላልንም። እኔ በተለይ ያቺን ጭልፋ አልረሳትም።

ወይዘሮ መስኡዳ ኑርዬ የሦስት ልጆች እናትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ኢልሀም ከጅዳ መምጣት ስላልቻለች ይህን በስልክ እየሰማች ነው። ያበሉትን አላህ ከጀነት ማዕድ ያብላቸው፤ የተዉትን ድርሻ እሱ ይክፈላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ለእኛም ሶብሩን ይስጠን። አሚን።

ዛሬ የቀረበውን የምስር ወጥ ያበሰለችው ሱንዱስ ናት፤ እንደ እናቷ አልቀመሰችውም። መጀመሪያ የሚጎርስ ሰው ጨው እንዳለው ይንገራት። የእሷን ድርሻ ወይዘሮ ይመኙሻል ከሁሉ አስቀድመው አውጥተው፣ ከድነው ይዘውላታል።