ጉዞ የለም

ኦገስት 14፣ ኪልቫራ

አባትህ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ልጄ ቲርናን፣ ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤውን ስትከፍት ዓይንህ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ስለሆነ ነው። አሁን የቀረውን ቀስ ብለህ አንብበው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ተሽሎታል። አንተስ? እዚያ አውስትራሊያ ክረምት ነው ብለኸኛል፤ ክረምታችሁ ግን የኛን በጋ ሳያስንቅ አይቀርም። ከማዕድኑ አቧራ ራስህን ጠብቅ፤ የሚሰጧችሁን የአፍ መሸፈኛ ኪስህ ውስጥ ይዘህ አትዙር፣ አድርገው።

የምጽፍልህ ወደቡ ላይ ካለችው የቲኬት ቤታችን ሆኜ ነው። ብደውል ይቀል ነበር። በስልክ ግን አንተ ዝም ስትል እኔም ዝም እላለሁ፤ ከዚያ ስለ አየሩ አውርተን እንዘጋለን። የወጣሁት ለአጎትህ ለፓኪ እራት የአሳማ ሥጋ ልገዛ ነበር። ሥጋው እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዝናቡ አባርቷል።

አንተ በሄድክ በሳምንቱ የፍለጋው ሄሊኮፕተር መምጣቱን አቆመ። ጠላቂዎቹም ወደየመጡበት ተመለሱ። የእኛ ሰዎች እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሊፈልጉት ይወጡ ነበር፤ አሁን እሱም ቀርቷል። አልቀየምኳቸውም። ከገደሉ ሥር ያላዩት ስንጥቅ የለም። ፓኪ ብቻ ጠዋት ጠዋት ውሻውን ይዞ አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ውሻውን ላናፍስ ነው ይላል። ውሻው አርጅቶ ሁለት እርምጃ ሄዶ የሚተኛ ነው፤ ፓኪ ተሸክሞት ይመለሳል።

ከተማውን ጭር ብሎ ታገኘዋለህ። መዝናኛው ቦታ ያሉት የልጆች መጫወቻ የሚጋጩት መኪኖች ሙዚቃቸውን ከፍተው ባዷቸውን ቆመዋል። ዶሎረስ ለእንግዶች በምታከራየው መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ የባሕር አረሟን ታፈላለች፤ የሚነከርበት ግን የለም። ባለፈው ሳምንት እንዳይባክን ብላ ራሷ ገብታ ተኛችበት። እንቅልፍ ወስዷት አገጯ ድረስ አረንጓዴ ሆና ወጣች፤ ይህን የነገረችኝ እኔን ለማሳቅ ነው፣ ሳቅሁላት። እንግዶች ወደ ኪልቫራ የሚመጡት ጀልባ ተሳፍረው ገደሉንና ወፎቹን ሊያዩ ነው። ጀልባ የለም ሲባሉ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው የተጠበሰ ድንች ይበላሉ፣ ባሕሩን በመስታወቱ በኩል ያያሉ፣ ከዚያ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ወጉን ታውቀዋለህ። ባሕሩ የኪልቫራ ሰው ይዞ እያለ እንግዳ የጫነ ጀልባ ከወደቡ አይወጣም። «ጉዞ የለም» የሚለውን ሰሌዳ የሚሰቅለው የወደቡ ሹም ነው፤ የሚያወርደው ግን የሟቹ ቤተሰብ ብቻ ነው። የሟቹ አልኩ። የጠፋው ሰው ቤተሰብ። ከወረደ በኋላም ከሁሉ በፊት የሚወጣው የቤተሰቡ ጀልባ ነው፤ ከቤተሰቡም አንድ ሰው ከእንግዶቹ ጋር አብሮ ይቀመጣል። ሌሎቹ ከኋላ ይከተላሉ። አውርዱ ብሎ መጠየቅ ግን አይቻልም። እኔ ልጅ እያለሁ የኪን ሚስት ባሏ ባሕር ቀርቶባት በጋውን ሙሉ ሳታወርደው ቀረች። በዚያ ዓመት የድሮው ሆቴል ተዘጋ። ክፉ ቃል የተናገራት አንድም ሰው አልነበረም። ደግ ቃል የተናገራትም አልነበረም፣ እስክትሞት ድረስ።

ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀኝ ሁሉም ይጠይቁኛል። ጃርላት፣ ያ ባለ ትልቁ ጀልባ፣ እየመጣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ስለ ነፋስ ያወራኛል። አሸንዳውን ሳልነግረው ወጥቶ ጠገነልኝ። ሰው በነጻ አሸንዳ ሲጠግንልህ ምን እንደፈለገ ታውቃለህ። አባ ፊንታን ደግሞ ነገ የእመቤታችን የዕርገት በዓል መሆኑን እንደማላውቅ ሁሉ ሊነግሩኝ መጡ። እንደ ወትሮው ጀልባዎቹን እንደሚባርኩ ነገሩኝ፤ ቆመው ያሉትንም ቢሆን እባርካለሁ አሉ። ሻይ አፍልቼላቸው ጠጡና ሄዱ። ነገ ካለፈ ይህ በጋ አለቀ ማለት ነው፤ ከነገ በኋላ እንግዳ የለም። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

እኔ ግን እንዴት አድርጌ ላውርደው? አባትህ ኮልም በየት በኩል እንዳለ አላውቅም። ከወደቡ አፍ ይሁን፣ ከዋሻው ይሁን፣ ከዚያም አልፎ ይሁን። ሰዎች ጭነን፣ ሳንድዊች እየበሉ፣ ፎቶ እየተነሱ፣ ከላዩ ላይ እናልፋለን ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ላንተም በዚያ ሁሉ ርቀት ላይ ሆነህ ባልጽፍልህ ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ።

ጠዋት ጠዋት እዚህ የቲኬት ቤት እመጣለሁ። ቤት ከዋልኩ ጎረቤቶች ምግብ ያመጡብኛል። እዚህ ቢያንስ ሥራ አለኝ፤ የሚመጣውን ሰው የለም ብዬ እመልሳለሁ። ዛሬ አንዲት ቀይ የዝናብ ልብስ የለበሰች ሴት መስኮቱን አንኳኳች። ባሏ ከኋላዋ ቦርሳ ተሸክሞ ቆሟል። ከሎንግፎርድ ነው የመጣነው አለች፤ አምናም መጥተው በእኛ ጀልባ ወጥተዋል።

«ያ ጨዋታ አዋቂው ሰውዬ አለ? ያ ስለ አማቱ የሚያወራው?»

እኔም «ዛሬ የለም፤ ነገ ጠዋት ተመለሱ» አልኳት።

ቲርናን፣ ሆን ብዬ አልነበረም። ነፋስ በመጣ ቁጥር፣ ሞተር በተበላሸ ቁጥር፣ ከዚህ መስኮት ስንት ዓመት ያልኩት ቃል ነው። አፌ ብቻውን ተናገረው። አመስግናኝ ሄደች። ምን እንዳልኩ የገባኝ አይስክሬም ቤቱን አልፋ ከሄደች በኋላ ነው። ሮጬ ልደርስባት እችል ነበር። ጉልበቴ ተሽሎታል ብዬሃለሁ። አልሮጥኩም።

ሴትየዋ ቁርሷን ስትበላ ሆቴሉ ውስጥ ተናገረች። እዚህ ከተማ ወሬ መንገድ እንደማይጠፋው ታውቃለህ። «ኢታ ነገ ጀልባ አለ ብላለች» ተባለ፣ በስሜ። ከመስኮቴ ሆኜ አየሁት፦ ጃርላት ነዳጅ እየቀዳ፣ ዶሎረስ በሯ ላይ ቆማ ገንዳ እየፈገፈገች። የሆቴሉ ሰው እንግዳ ለሚያመጡት ለሊመሪክ አውቶቡሶች ደውሏል አሉ። የሚጋጩት መኪኖች ሙዚቃ እንኳ ከፍ አለ መሰለኝ። ወደ እኔ የመጣ ግን የለም። እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅም መጠየቅ ነውና።

ፓኪ ለምሳ ቤት መጣ። በላ። ሳህኑን ገፋ አደረገና፣

«ኢታ፣ አማትየዋ ከዋሻው በፊት ናት ወይስ በኋላ?» አለኝ።

«የቷ አማት?»

«የኮልም። ባሕሩ ላይ ያለችው ድንጋይ። ቀልዱን የሚነግራቸው ሲሄዱ ነው ሲመለሱ?»

ያኔ ገባኝ፤ ነገ ጀልባዋን ይዞ ሊወጣ ነው። እጄ ላይ የድንች ሳህን ነበር፣ አስቀመጥኩት።

«ሲሄዱ» አልኩት። «ሲመለሱ በርዷቸው ማን ይስቃል።»

«እንዴት ነበር የሚላቸው?»

«ያቺ አማቴ ናት፤ ልጇን ካገባሁ ጀምሮ ፊቷን አላዞረችልኝም። እጃችሁን አውለብልቡላት፣ ምናልባት ለእናንተ ትዞር ይሆናል።»

ፓኪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እንደ ተማሪ ደገመው። ከዚያ፣ «እኔ ስናገረው አይስቁም» አለ።

«አንተማ ሚስት የለህ፣ አማት ከየት ታመጣለህ?»

ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገና፣ «እቴ፣ ማንም አይጠይቅሽም። እኔም እየጠየቅሁሽ አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«አላልኩም ካልሽ አላልሽም ነው። ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ድንች ጨመርኩለት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ልጁ ይመጣል ወይ ብሎ ስለ አንተ ጠየቀኝ። ሥራ አለው አልኩት። የጀልባዋ መሪ ወጣት ክንድ ይፈልጋል አለ፤ ይህ የእሱ ወሬ ነው፣ የእኔ አይደለም። ለዚህ ብለህ እንዳትመጣ። ያንተ ክፍል እርጥበት ስለያዘው ማሞቂያውን አብርቼዋለሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቁልፉ ዛሬም የአበባው ሸክላ ሥር ነው።

ሥጋ ልገዛ ወጣሁ ብዬሃለሁ። ሥጋውንስ ገዝቻለሁ። የወጣሁት ግን ያልኩት ስህተት ነው ብዬ፣ ፓኪ ቀድሞ ከሚነግራቸው በራሴ አፍ ልነግራቸው ነበር። ድፍረቱ እስኪመጣልኝ ድረስ እዚህ ገብቼ ተቀመጥኩና ላንተ መጻፍ ጀመርኩ።

ከፊቴ ሚስማሩ ላይ የአባትህ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ እስኪለብስ ድረስ ሞተር አያስነሳም ነበር፤ አንድ ጊዜ አንድ ወፍራም ሰውዬ አልለብስም ቢለው ሁሉንም ሰው ይዞ መልሶ አወረዳቸው። እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን ለብሶት አያውቅም። ጀልባዋን ያለ ሰው ሞተሯ እንደበራ ክብ ስትዞር ሲያገኟት ጃኬቱ እዚሁ ነበር። ያን ቀን ጠዋት የዓሣ ወጥመዶቹን ብቻ ላንሳና ልመለስ ብሎ ነው የወጣው፤ ሻዩን እንኳ አልጨረሰም። ነገ ከቤተሰቡ የሚቀመጠው ሰው እኔ ከሆንኩ የምለብሰው ይህን ነው። ቀበቶው ሲገዛ በእሱ ወገብ ልክ ተለቆ እንዳለ ነው። ማጥበቅ ይኖርብኛል።

በመስኮቱ በኩል ጀልባችንን አያታለሁ። ፓኪ አግዳሚዎቿን እያጠበ ነው። ጃርላትም የራሱን ትቶ መጥቶ ውሃ ያቀብለዋል። ሌሎቹም አሉ። ሁሉም ጀርባቸውን ወደዚህ ሰጥተዋል። ሰው ሥራ ሲሠራ እንደዚህ አይቆምም፤ እዚህ መስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን ሰሌዳ ላለማየት ነው እንዲህ የቆሙት። ወጥቼ ስህተት ነው ብላቸው እሺ ብለው ባልዲያቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ አንድም ነገር አይሉኝም። እንደ ኪን ሚስት።

ለአባ ፊንታን ሬሳ የሌለበት የፍትሐት ጸሎት ይቆይ ብያቸው ነበር። ቅዳሜ ይሁን ልላቸው አስቤአለሁ። አንተም በዚያ ሰዓት የትም ብትሆን ለአንድ አፍታ ቁጭ በል። ቤተ ክርስቲያን ባይኖር የሥራ መኪናህ ውስጥም ይሆናል።

ከመሬት በታች ስትወርድ እግዚአብሔር ቀድሞህ ይውረድ፤ ስትወጣም ከኋላህ ሆኖ ይግፋህ። በማላውቃቸው ሰዎች መካከል ደግ ሰው አያሳጣህ። በደንብ ብላ።

እናትህ ኢታ

ደብዳቤውን ላጥፈው ስል አየሁት። የመስኮቱ ደፍ ላይ ካቻቢቴ አለ፣ ከውጭ በኩል። የፓኪ ነው፤ እጀታው ላይ ሰማያዊ ቀለም አለበት። መቼ እንዳስቀመጠው አላየሁም። የሰሌዳው ብሎኖች ዝገው ይሆናል፣ ከባሕሩ ጨው ምን ይተርፋል። ሥጋው እዚሁ ይቆይ። ልወጣ ነው።