የተራራዋ ከተማ አንሶላ

ልጄ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴንም ተሽሎኛል።

አባትሽ የተራራዋን ከተማ አሳይሻለሁ እያለ ሠላሳ ዓመት ሲያታልለኝ ኖሮ ባለፈው ሳምንት ወሰደኝ። ለአንድ አዳር ብሎ በርካሽ ያገኘውን ማረፊያ ብታዪ! ብርድ ልብሱን ስገልጠው አንሶላው ላይ የሰው ፀጉርና የእግር ጥፍር ቁራጭ አየሁ። ባለቤቲቱን ብጠራት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ትናንት የታጠበ እኮ ነው» አለችኝ። አባትሽ ደግሞ፣ «ለአንድ ሌሊት ነው፣ ቻይው» አይለኝም?

«አንተ ተኛበት!» ብዬ አንሶላውን ገፍፌ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ዘፈዘፍኩት። ውሃው እንደ በረዶ ነው፤ እጄ ደነዘዘ። ይሄኔ አባትሽ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና ሌላውን ጫፍ ይዞ ይጨምቅልኝ ጀመር። ካልሲውን እንኳ አጥቦ የማያውቅ ሰው! አንሶላው ግን አልደረቀም፤ ካፖርታችንን ደራርበን አደርን። እስካሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

አንቺም በሰው አገር ከመተኛትሽ በፊት አልጋውን ገልጠሽ እዪ። ንጹሕ መኝታና የሰላም እንቅልፍ ይስጥሽ። ስትደውዪ ግን ስለ ማረፊያው አባትሽን አትጠይቂው፤ ያፍራል። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሳጥብ ሳልጠራው ይመጣል።

እናትሽ