በሃይላንድ የተለካ ዝናብ

ይድረስ ለልጄ ልጅ፣ ወልቂጤ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? የአክስትሽ ጉንፋን ለቀቃት? እኔ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ አልታዘዝም ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ላሚቱም ደህና ናት፤ ከአንቺ ይልቅ እሷ ድምፄን ትፈልጋለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልክ ላይ አንድ ነገር ስጀምር «መምህር አምሀ እንዳሉት» እያልሽ ታቋርጪኛለሽ። ወረቀት አያቋርጥም። የሚኒባስ ሾፌሩ ኪዱ ያደርስልኛል።

በሳይንስ አስተማሪሽ ላይ ክፉ አልናገርም። ከጎጃም ድረስ መጥቶ ያስተምራል፤ እግዜር ይስጠው። ግን ልጠይቅሽ፤ የዘቢዳርን ተራራ ከግርጌው ሆኖ አይቶት ያውቃል? ትንሽ ሳለሽ ትምህርት ቤት ከመሄድሽ በፊት «አባባ፣ ሹራብ ልልበስ?» ትዪኝ ነበር። ተራራው ደመና ከደፋ ልበሺ፣ ካልደፋ ተይው እልሽ ነበር። አንዳንዴ ቀና ብዬ ሳላየው ነው የመለስኩልሽ። ታምኚኝ ነበራ። ዛሬ እርጥበት አለ፣ የአየር ግፊት አለ፣ ትሮፖስፌር የሚሉት አለ፤ የአያትን ሹራብ ማን ያስታውሳል?

ለዘመን መለወጫ መጥተሽ፣ አንገቱን የቆረጥሽውን ሃይላንድ ጓሮዬ ስታቆሚ፣ የገባበትን ዝናብ በየጠዋቱ ለክቼ እንድደውልልሽ አደራ ስትዪኝ ደስ አለኝ። ፍየሏ እንዳትገለብጠው ብዬ እንሰቱ ሥር አስጠጋሁት። በሄድሽ ማግስት ሞልቶ ፈሰሰ። ያን ቀን ደጋግመሽ ደወልሽ፤ መጥቼ በዓይኔ ማየት አለብኝም አልሽ። እኔም ቤቱን አስጠረግሁ።

ማታ ግን መምህሩ ሰምቶ መሳቁን ነገርሽኝ። የእንሰት ቅጠል ውኃ ሰብስቦ ያፈሳል፣ ወደ ገላጣው ያውጡት አለ አልሽኝ። መምጣትሽም ቀረ። ዕድሜዬን ሙሉ ስተክለው የኖርኩትን እንሰት እሱ ወልቂጤ ተቀምጦ አወቀብኝ። ይሄ አያስቀናም? ይሁን፣ ቀናሁ።

አንድ ቀን ያስረዳሽኝን አልረሳሁም። የአየር ሁኔታ የዛሬ የነገ ነው፤ የአየር ንብረት ግን ለብዙ ዓመታት ተደጋግሞ የታየው ነው አልሽኝ። እና ለመስቀል አልመጣም፣ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ዝግጅት ስላለን መምህር ቅሩ ብለውናል ስትዪኝ፣ ይሄ የዘንድሮ የአየር ሁኔታ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ለመስቀል ሰው ሁሉ ካለበት ተነሥቶ አገሩ ሲገባ፣ የአንቺ ቦታ ባዶ መዋሉ እየተደጋገመ የአየር ንብረት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

ስለዚህ... አይ፣ ስለዚህ እንኳ አይደለም። ብቻ ሐሙስ ጠዋት ስነሣ ሃይላንዱ፣ ያውም ገላጣው ላይ፣ ቅጠል በሌለበት፣ እስከ አፉ ሞልቷል። ለክቼ ደወልኩልሽ። መምህሩም ይሄን ያህል ዝናብ አላምንም፣ ሄደሽ በዓይንሽ ካላየሽው ለዐውደ ርዕዩ አይቀርብም ማለቱን ነገርሽኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውዬውን ወደድኩት።

ጎረቤታችን ፈትሂያ የምታወራውን አትስሚ። ከቆሼ ገበያ ያስመጣችው በርበሬ ያን ሌሊት ደጅ ተሰጥቶ አድሮ ነበር፤ «ወላሂ፣ አንድ ጠብታ አልነካውም» እያለች ለሰፈሩ ትናገራለች። «የእጅ መታጠቢያውን ጆግ ይዞ ወደ ጓሮ ሲሄድም አይቼዋለሁ» ትላለች። ሰው እጁን አይታጠብም?

እንግዲህ ለደመራ ድረሺ። መለኪያሽን ያዢ፤ ሹራብም ያዢ። ይሄን እንኳ አይቼ ነው የምልሽ፤ ዘቢዳር ደመና ደፍቷል። አስተማሪሽም በዓሉን ብቻውን የሚውል ከሆነ ይምጣ። ክትፎ አንነፍገውም፤ ከአንቺ አጠገብ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር ያሳድግሽ፣ የተማርሽውን ይባርክልሽ፣ መንገድሽን በሰላም ያድርግልሽ።

ስትደርሺ ሃይላንዱን ባዶ ብታገኚው አትደነቂ። ተንኗል ማለት ነው። ትነትን ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ።

የሹራብሽ አማካሪ የነበረው አያትሽ
ከቡታጅራ