የራዊሪ አራት ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ነፋስ። ጃንጥላዬ ተገነጠለ፣ በዚህ ዓመት ሁለተኛው ነው። ዌሊንግተን ተወልዶ ያደገ ሰው ጃንጥላ ይገዛል? እኔ እገዛለሁ። አልማርም!

ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ፌስታል ፊጆዋ። ግንቦት ሲመጣ ሁሉም ጓሮው የወደቀውን ፍሬ እየለቀመ ቢሮ ያመጣል፤ የሚወስድ ግን የለም። እኔም ከቤት አንድ ፌስታል ይዤ ነበር... ደብቄ ኩሽና ውስጥ አስቀመጥኩት።

የፓርላማው አማካሪ ኮሚቴ ስብሰባ ቀላል ሆነ። በሚቀጥለው ሐሙስ ስለ ውጭ አገር ጦርነቶች ልዩ ክርክር አለ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ለየፓርቲው ስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ሠንጠረዡን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የገዥው ፓርቲ ተጠሪ ዳንካን "አነሰን" አለ። የተቃዋሚዎቹ ተጠሪ ሎሬይን ደግሞ "ዳንካን፣ ያንተ ሰዎች ያላቸውንም ሲጨርሱ አይቼ አላውቅም፣ ግማሹ እንቅልፍ ነው" አለችው። ተሳሳቁ። አፈ ጉባኤዋ እንደ ልማዷ "ያልተስማማ አለ?" አለች። ዝም። እዚህ ኮሚቴ ውስጥ እጅ አይወጣም፤ ሁሉም ዝም ካለ ተስማማ ማለት ነው። በሃያ ደቂቃ አለቀ።

ግሌን ዓሣና ድንች ገዝቶ ጠበቀኝ። ጥሩ ባል ነው፣ ማብሰል ባይችልም። ጥሩ ቀን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ወይ ጉድ! ወይ ጉዴ!

ጠዋት የምክር ቤት አባሉ ራዊሪ፣ በአክብሮት አክስቴ የሚለኝ፣ በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። "አክስቴ፣ እኔን የት አደረግሽኝ?"

"የት ላድርግህ? ሠንጠረዡ ላይ አለህ።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

አየሁ። የለም። ለካ የዓምናውን ገልብጬ ነው! ዓምና የሎሬይን ፓርቲ አባል ነበር። በየካቲት ተጣልቶ ወጣ፣ አሁን ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ለብቻው የሚገባው አራት ደቂቃ እዚያው ከሎሬይን ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ቀርቷል። ኮሚቴው ውስጥ ደግሞ ወንበር የለውም። "ያልተስማማ አለ?" ሲባል የማይስማማው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረማ! ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼ...

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም። ስለ ምን ሊናገር እንደነበር ጠየቅኩት። "ስለ ሱዓድ አገር" አለ።

ሱዓድ የስብሰባ ክፍላችንን የምታጸዳው ሱዳናዊት ናት። ስንት ዓመት "እንዴት ነሽ፣ ደህና ነኝ" ተባብለናል፣ እህት እንዳላት እንኳን አላውቅም ነበር። ነፊሳ ትባላለች። የምትኖረው ኤል ፋሸር ከተማ ነበር። ከስድስት ወር ወዲህ ድምፅዋ የለም። የክርክሩ ወረቀት ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራላቸው ሁለት ጦርነቶች ተጽፈዋል፣ የሷ አገር የለም። ራዊሪን አሳንሰር ውስጥ አግኝታ "ሌላ ምንም አልልህም፤ የከተማዋ ስም እዚህ ቤት አንዴ ይጠራልኝ" አለችው። ቃል ገባላት።

ቃሉን እኔ አስበላሁት። እንዴት ነው የምተኛው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ማክሰኞ ኮሚቴው እንደገና ዝም ካለ ይስተካከላል። አንድ ሰው "አይሆንም" ካለ አበቃ።

ዳንካን ዘንድ ሄድኩ። "የነሱ የቤት ጠብ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?" ታዲያ ሰዓቱን እንጨምር አልኩት። "ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚሄድበት አውሮፕላን አለው። አንዲት ደቂቃ ጨምረሽ እስቲ ሞክሪኝ።"

ሎሬይን ዘንድ ወረድኩ። "ጥሎን ለሄደ ሰው ስንቅ ልቋጥርለት?" ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። "አንቺን ማን ወቀሰሽ? ዳንካን ይስጥና እኔም እሰጣለሁ።"

ዳንካን ዘንድ ተመለስኩ። "ሎሬይን ትቅደም።"

ደረጃውን ስወጣና ስወርድ ጉልበቴ አለቀ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ እንደ ሕፃን!

እሑድ፣ ግንቦት 11

የእናቶች ቀን። ሁለቱም ልጆቼ ደወሉ። ትልቁ ከአውስትራሊያ ሁለት ጊዜ፤ መጀመሪያ መደወሉን ረስቶት ነበር፣ ጅል! ሳቅኩ። ስልኩን እንዳስቀመጥኩ ሱዓድ በሐሳቤ መጣችብኝ። ስልክ ባየች ቁጥር ምን ትል ይሆን?

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ዛሬ ልመናውን ተውኩ። ለሁለቱም ስለ ሠንጠረዥ ትንፍሽ አላልኩም። ስለ ነፊሳ ብቻ ነገርኳቸው፣ ለየብቻ።

ዳንካን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ተነስቶ በሩን ዘጋ። "ሁለት ደቂቃ ውሰጂ። ሎሬይን ግን እንዳትሰማ! ቀድሞ ሰጠ ብላ ዓመቱን ሙሉ ታወራብኛለች።"

ሎሬይን መነጽሯን አወለቀች። "እኔም እኮ እህት አለችኝ" አለች። ቀጥላ "ሁለት። ዳንካን ከሰማ ግን በአንቺና በእኔ መካከል እግዜር ይፍረድ።"

ለሁለቱም ማልኩላቸው። ወደ ቤት ስሄድ አውቶብስ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር... አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ወንበር ቀየረች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

አዲሱን ሠንጠረዥ አደልኩ። ከዳንካን ሁለት፣ ከሎሬይን ሁለት፣ ለራዊሪ አራት። ሁለቱ ወረቀቱን አዩ፣ ተያዩ፣ ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ያልተስማማ አለ?"

ዝም። እንደዚህ ደስ ያለኝ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ክርክሩ። ቦታዬ ከአፈ ጉባኤዋ ፊት፣ ሰዓቱ ሥር። ሱዓድ የተመልካቾች ሰገነት ላይ፣ ሰማያዊ ቶቧን፣ የአገሯን ረጅም ልብስ፣ ለብሳ። አዳራሹን ባዶ ሆኖ ስታጸዳው እንጂ ሰው ሞልቶበት አይታው አታውቅም።

የራዊሪ ተራ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ተነሳ። ተራራውን ሰላም አለ። ወንዙን ሰላም አለ። የቤቱን ግድግዳ፣ አያቶቹን፣ ከዚህ ዓለም ያለፉትን... የኛ የማኦሪዎች ወግ ነው፣ ሰው ከየት እንደመጣ ሳይናገር ነገር አይጀምርም። እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት፣ እወደዋለሁ። ግን ልጄ፣ አራት ደቂቃ ነው ያለህ! ሁለት ደቂቃ ሄደ። ወደ አያቱ ጦርነት ገባ። ከጠረጴዛው ሥር በእግሬ ወለሉን እየመታሁ ነበር። ማስታወሻ ላቀብለው? አይፈቀድልኝም።

የአፈ ጉባኤዋ ደወል። አንድ ደቂቃ ቀረው። የከተማዋን ስም ገና አልጠራም!

ቆም አለ። ወረቀቱን አጠፈ፣ ቀና ብሎ ሰገነቱን አየ።

"ኤል ፋሸር" አለ። "ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ይህች ከተማ በዛሬው ወረቀታችን ላይ የለችም። ነፊሳ የምትባል ሴት እዚያ ትኖር ነበር። አስተማሪ ናት። የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። እህቷ ይህንን አዳራሽ ታጸዳለች፤ እኛ የምንናገረው እሷ በወለወለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኤል ፋሸር። ነፊሳ። የት ነሽ እያልን ነው።"

ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰከንድ ተርፎታል።

ማንም አልተሳደበም፣ ማንም አልቀለደም። ሰገነቱን ቀና ብዬ አላየሁም፣ ፈራሁ። ስንወጣ ሎሬይን አጠገቤ ቆመች። "ጥሎን የሄደው ደህና ተናገረ" አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። ዳንካን አውሮፕላኑ አመለጠው።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ጠዋት ቃለ ጉባኤው ወጣ። ገጹን አትሜ ለሱዓድ ወሰድኩላት። ጓንቷን አወለቀች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁለት ጊዜ።

"ይሄ አይጠፋም?"

"አይጠፋም። ከመቶ ዓመት በፊት የተነገረው ሁሉ ታች መዝገብ ቤት ተቀምጧል።"

"አንድ ጨምሪልኝ።"

"ለማን?"

"ለነፊሳ ነዋ!" አለች፣ ሞኝ እንደሆንኩ ሁሉ እያየችኝ። "ስትመጣ ምን ላሳያት?"

ሄጄ አተምኩላት። በወፍራሙ ወረቀት።